የፈለጥኩት የህንዱ አደራ

ሰይዴ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። አፈር ከለበስክ ሰባት ወር ሞላ። ለሰው ሁሉ የሚዘረጋው አፌ ላንተ ሲሆን ሰባት ወር ተለጉሞ ከረመ። ምላስሽ ስለት ነው ትለኝ አልነበር? እንግዲህ ስለቱ እንደዶለዶመ እይልኝ። ፊደል በራሴ እንደቆጠርኩ ታውቃለህ፣ የአጻጻፌን ነገር እለፈኝ። የማታልፈኝ ሌላ አለ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮዋን ፓፓያ ነፋስ ገነደሳት፣ ሌላ ተከልኩ። መርሳ መንገድ ዳር፣ ያችው ቦታዬ ላይ ብርቱካን እሸጣለሁ። ሐሙስ የወልድያ ሚኒባስ ሲቆም አንገቴ አሁንም ይዞራል፣ ያንተ ሽርጥ የሚወርድ ይመስለኛል። ጎረቤታችን ከድጃም አለች፣ የት ትሄዳለች! አሁን "ሰይድ እኮ መልካም ሰው ነበር" ትላለች። ያኔ ያለችውን ረስታዋለች፤ እኔ አልረሳሁትም።

ሁለተኛው ፅንስ የጨነገፈብኝ ሰሞን ነበር። አንተ ወልድያ የመምህራኑን ግቢ ትጠብቃለህ፣ ሐሙስ መጥተህ ቅዳሜ ትመለሳለህ። ልብስህን ላጥብ ብዬ ሳጥንህን ብከፍት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ክብ፣ ቀይ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ወገቡን ዙሪያውን በክር የተሰፋ። አንዱ ጎኑ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሌላው እንደ እባብ ቆዳ ሻክሯል። ላዩ ላይ የማላውቀው ጽሕፈት፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ የተንጠለጠለ ፊደል። ጓሮ ቆመህ ይህንኑ ነገር ምራቅ ቀብተህ ጭንህ ላይ ስታሸው አይቼህ ነበር። ከዚያ የእጅህን አንጓ ጠምዝዘህ ትለቀዋለህ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይታጠፋል። አንተው ፍረድ፣ ማን በደህና ይተረጉመዋል? ለከድጃ አሳየኋት። "አንቺ ሞኝ፣ ልጆችሽ የታሰሩት እዚህ ውስጥ ነው" አለችኝ።

ሸህ አደም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። እርሳቸው አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ የተሰፋ ሁሉ መተት አይደለም፤ ባልሽ ሲመጣ ጠይቂው" አሉኝ። ለሐሙስ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ሁለት ቀን! እኔ ግን መናገር እንጂ መጠየቅ መቼ አውቄ።

በገበያው ቀን ከዋርካው ሥር "ኑ፣ የሰይድን ጉድ ኑ እዩ!" ብዬ ሰው ሰበሰብኩና በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ፀጉር፣ ጥፍር፣ የተጻፈበት ብራና ነበር የጠበቅኩት። የወጣው ቡሽና የተጠቀለለ ክር። ሰው ሳቀ። ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? "መተቱ ነፋስ ሆኖ በረረ!" አልኩ። ከዚያ ወዲያ መርሳ ላይ ስምህ ሰይድ መተተኛው ሆነ። ሐሙስ ስትመጣ የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር "ዛሬስ ማንን ልታስር ነው?" ብሎ አላገጠብህ። ቤት ገባህ፣ ፍልጡን አየህ፣ ቁጢጥ ብለህ አንድ በአንድ ሽርጥህ ላይ ለቀምከው። "የሰው አደራ ነበር" አልክ። ቅዳሜ ይዘኸው ተመለስክ።

እዚህ ላይ እኔም እወቅስሃለሁ፤ ሞተሃል ብዬ አልተውህም። ለምን አልነገርከኝም? አሥራ አንድ ዓመት አንድ ገበታ ቀርበን፣ ለጥበቃ ጓደኞችህ የምታወራውን እኔን ለምን ነፈግከኝ? ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው ትል ይሆናል። እውነትህን ነው፣ እስቅብህ ነበር። ግን አልፈልጠውም ነበር።

ነገሩን የሰማሁት ከዕቃው ባለቤት ነው። በተቀበርክ በሦስተኛው ሳምንት ያ ግቢውን የምትጠብቅለት መምህር ራጁ ከህንድ ደወለ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው አለቀሰልህና ነገረኝ። ክሪኬት የሚሉት የአገራቸው ጨዋታ ነው፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጣውላ ይመታል፣ ከመቺው ኋላ ሦስት እንጨት ተተክሏል፣ ኳሱ እንጨቱን ካገኘው መቺው ይወጣል። ራጁ በጉልበት አልነበረም የሚወረውረው፣ በአንጓው ነበር፤ ኳሱ የመቺው እግር ጋ ያርፍና ወደ ውጭ ይታጠፍበታል። በልጅነቱ በሎሚ ተለማመደ። ለክፍለ ሀገሩ ዘጠኝ ዓመት ተጫወተ። አንድ ቀን በዚያች ኳስ ሰባት ሰው አስወጣ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፈውባት ሸለሙት። ያ የተንጠለጠለው ፊደል እሱ ነበር፣ ሰይዴ። ለአገሩ ቡድን ሊፈተን በተጠራበት ወር ትከሻው ተጎዳ፤ ታከመ፣ አልዳነም። ቦታውን ሌላ ወሰደው፣ እሱ ሒሳብ ተምሮ ወልድያ መጣ። ከክፍል ሲወጣ አንተን በሩ ላይ አግኝቶ አስተማረህ። "አንጓ የነበረውስ ሰይድ ነው፣ ከእኔ ይበልጥ ነበር" አለኝ። ይህን እኔ፣ ሚስትህ፣ ከባዕድ ሰው ልስማ! ያ የጦርነቱ ክፉ ጊዜ መጥቶ ህንዶቹ በችኮላ ሲወጡ ደግሞ፣ ኬላ ላይ ፈንጂ ነው እንዳይሉበት ፈርቶ "እስክመለስ ያዝልኝ" ብሎ ኳሷን አንተ እጅ አኖራት።

ከዚያ "ጓደኛዬ ከወልድያ ሊመጣ ነው፣ ስጪልኝ" አለኝ። ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? "ሰይድ የት እንዳደረሳት አላውቅም።" ወላሂ እንዲህ አልኩ። ኳሷ ጉልበቴ ላይ ነበረች! ከጥበቃ ቤት ዕቃህን ሲያስረክቡኝ ከሬዲዮንህ ሥር አገኘኋት፤ በጆንያ መርፌ እስከ ግማሽ ሰፍተሃታል። ሟች አይከራከርም ብዬ፣ መተተኛ ያልኩህ ሳያንስ አደራ በላ አደረግኩህ።

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። በአራተኛው ደወልኩለት። "በመጥረቢያ የፈለጥኳት እኔ ነኝ፣ ሰይድ አይደለም" አልኩት።

"ውስጧ ምን ነበረ?" አለኝ።

"ቡሽና ክር።"

"በቃ?"

"በቃ።"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወደ ለቅሶ የሄደ ነው። "ያን ሁሉ ዓመት ወርውሬያት ሆዷን አይቼው አላውቅም" አለ። ሰይድስ ምን አለ ሲለኝ ያልከውን ነገርኩት። "አይ ሰይድ" ብሎ ዘጋው። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኳሷን ስፌቷ እንደተጋመሰ ለጓደኛው ሰጠሁት። ልጨርሳት መርፌ አንስቼ ነበር፣ እጄ አፈረ።

ያለፈው ገበያ ዋርካው ሥር ቆሜ በዚያው ጉሮሮዬ እውነቱን ተናገርኩ። ሰው ከያኔው አነሰ፤ ለጉድ እንጂ ለተጸጸተ ሰው ተውበት ማን ይሰበሰባል! ገሚሱ ብርቱካን እየመረጠ ሰማኝ። ከድጃ ጉዳይ አለብኝ ብላ ሄደች። ያልሰማውን ውርጌሳም ግራናም ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ።

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፣ ሞተህም ሸክም ላብዛብህ? ግን ይህን ያዝልኝ። ሰው ስምህን አንስቶ ደግ ነበር ሊል ሲል፣ ቆይ እላለሁ፣ መጀመሪያ ያደረግኩህን ልናገር። ሁሉንም እናገራለሁ። ከዚያ ደግነትህን እነሱ ያውሩ፣ እኔ እሰማለሁ።