ጠላቂው አቶ መንግስተኣብ ተስፋልደት እና የቀረችው ማክሰኞ

አቶ መንግስተኣብ ተስፋልደት ከአባታቸው ከአቶ ተስፋልደት ወልዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ገብረመድህን በ1943 ዓ.ም. በምጽዋ ከተማ ተወለዱ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የተወለዱበት ቤት ግድግዳው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነበር። ያ ድንጋይ አንድ ጊዜ ሕይወት እንደነበረው በልጅነታቸው አያውቁም ነበር፤ ያወቁት ኋላ ባሕር ውስጥ ገብተው ቀይና ወይን ጠጅ መልኩን በዓይናቸው ሲያዩ ነው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ አማርኛም ለምደው በ1962 የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኑና በጠላቂነት ሠለጠኑ። ሥራቸው የመርከብ ሆድ መፋቅና የወደቀ መልሕቅ ፈልጎ ማውጣት ነበር። አንድ ቀን ሥራ ጨርሰው በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ወደ ኮራሉ ወረዱ። አየራቸው እያለቀ እንኳ መውጣት አስጠልቷቸው እንደነበር ለእኛ ሲነግሩን የሠላሳ ዓመት ነገር አይመስልም ነበር።

በ1971 በስልክ ኦፕሬተርነት ከአዲስ አበባ ምጽዋ የተመደቡትን እህቴን ወይዘሮ ኣምለሰትን አገቡ። እኔና እህቴ አዲስ አበባ ያደግን ስለሆንን የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ጣጣ ታመጣለች። ጦርነቱ ሲበረታ በ1977 በጀልባ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ አንድያ ልጃቸው ክሳነትም በ1979 ፖርት ሱዳን ተወለደች። በ1984 ሚኒሶታ ገብተው ኮሎምቢያ ሃይትስ አፓርታማ ተከራዩ፤ እኔንም ከነጓዜ ተቀብለው አብረውኝ ኖሩ።

አቶ መንግስተኣብ ሕመም እስኪያስቀራቸው ድረስ በአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ጥገና ሠርተዋል። በሰመር ከጠላቂ ጓደኞቻቸው ጋር ሐይቅ ውስጥ እየገቡ የሰመጠ ሞተርና የጠፋ የቃል ኪዳን ቀለበት ያወጡ ነበር። “እዚህ ሐይቅ ውስጥ ምን አለ? ጭቃና የቢራ ጣሳ!” ይሉ ነበር። ምኞታቸው አንዲት ብቻ ነበረች፤ ልጃቸውን ይዘው ኮራል መሐል መውረድ። ሙሉውን ዊንተር ክሳነትን በሆቴሉ ገንዳ አሠለጠኗት። በፌብሩዋሪ 1994፣ እሷ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ከጠላቂዎቹ ማኅበር ጋር ሜክሲኮ ወደሚገኘው የኮዙሜል ደሴት ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን “የቀብሩ ፕሮግራም ላይ አታስገባው” ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። የሚቆጣ ይቆጣ፣ እኔ ግን ሳልናገር አልቀብራቸውም።

ሰኞ ከሰዓት እህቴ ሥራ ላይ ሳሉ የስልክ መልእክት መቀበያው ማሽን ሲበራ ሲጠፋ አየሁና ተጫንኩት። የክሳነት ድምፅ ነው። “እማዬ፣ አባዬ ዛሬ ሰጠመ” አለች። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የራሴን ጩኸት ብቻ ነው። ልጅቷ ያደገችው እዚህ ነው፤ “ጠለቀ” ማለት ፈልጋ እንደሆነ ማን ይንገረኝ!

መርዶ በስልክ አይነገር፣ በማሽንማ ጭራሽ! እህቴ ብቻቸውን እንዳይሰሙት ማሽኑን ነቅዬ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ስኔሊንግ አቨኒው ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ሄጄ ለሽማግሌዎች ነገርኩ። ሁሉም አለቀሰ፣ ሁሉም እንዴት እንደምናረዳ መከረ፤ ያረፉበት ሆቴል ደውለን እናጣራ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ማክሰኞ ማለዳ አሥራ አምስት ሆነን ጥቁር ለብሰን በሩ ላይ ቆምን። እህቴ ከፍተው ሲያዩን ቃል አላስፈለጋቸውም። ደረታቸውን እየመቱ ወለሉ ላይ ወደቁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፣ አነሣሁት። “ግርማይ፣ ምንድን ነው ጩኸቱ? ማን ሞተ?” አሉኝ፣ ራሳቸው ሟቹ።

“እርስዎ!” አልኳቸው።

የደወሉት፣ ክሳነት በዚያች ሰዓት ልትጠልቅ ስለነበር፣ እናቷ እንዲመርቋት ነው። ጀልባው ሊነሣ ተዘጋጅቷል። እህቴ የባላቸውን ድምፅ ሲሰሙ ራሳቸውን ሳቱና በአምቡላንስ ተወሰዱ። አባትና ልጅም ጀልባውን ትተው በዚያው ቀን ወደ ሚኒያፖሊስ በረሩ።

ኋላ ማሽኑን ከፌስታል አውጥተን ስንከፍተው እንዲህ ይላል። “እማዬ፣ አባዬ ዛሬ ሰጠመ። በጣም ደስ ብሎታል። ነገ እኔም አብሬው እሰጥማለሁ። ባይ!” ለቀስተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እህቴ ግን አልሳቁም። “አንዴ አልቅሼለታለሁ፣ ሁለተኛ አቅም የለኝም” ብለው ዳግመኛ እንዳይጠልቁ ባላቸውን በክሳነት አስማሏቸው።

አቶ መንግስተኣብ መሐላቸውን ጠበቁ። እሑድ እሑድ ሐይቅ ዳር ቆመው የጓደኞቻቸውን ገመድ ይይዙ ነበር፣ ጫማቸውን ሳያረጥቡ። አንድ ቀን የጠላቂ መነጽር አድርገው መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተኝተው እህቴ አገኟቸውና ጮኹባቸው፤ እሳቸውም “ይሄም ይቆጠራል እንዴ?” አሉ።

እኔ ደግሞ ያንን ታሪክ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው እያወራሁ ሰው አሳቅኩበት። እሳቸውም ይስቁ ነበር። ሳቁ ካለቀ በኋላ ሰሐናቸውን እንደማይነኩ አይ ነበር። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን “ይቅርታ” አላልኳቸውም፤ እህቴንም “መሐላውን አንሺላቸው” ብዬ አልለመንኩም።

በ1997 መጸው የጉበት ሕመም ጣላቸው። ሆስፒታል ሳሉ ወይዘሮ ኣምለሰት እጃቸውን ይዘው “መሐላውን አንስቼልሃለሁ። ስትድን ልጅህን ይዘህ ሂድ” አሏቸው። “እሷ ትውረድ፣ እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ እጠብቃታለሁ” ብለው መለሱ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1998 በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አቶ መንግስተኣብ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኣምለሰትን፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃቸውን ክሳነትን፣ ይህንን የጻፍኩትን እኔን፣ የሚስታቸውን ወንድም ግርማይንም ትተው አልፈዋል። ክሳነት በመጪው ሰመር ወደ ምጽዋ ሄዳ አባቷ ወዳዩት ኮራል ትወርዳለች። እናቷ ፈቅደዋል። ማሽኑ ዛሬም አለ፤ ስትደውል የፈለገችውን ቃል ትበል፣ እስከ መጨረሻው እሰማታለሁ።

ጋሼ መንግስተኣብ፣ ያቺን ማክሰኞ የወሰድኩብዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። እግዚአብሔር ነፍስዎን በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።