ስለዚያ ቪታሚን

ይድረስ ለአይጢቱ የልጅ ልጄ፣

ይህ ቁልምጫ ካናደደሽ ጤነኛ ነሽ ማለት ነው፤ ካላናደደሽ ግን ያሳስበኛል። ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? እንቅልፍሽስ? የበላሽው ይስማማሻል? ማዞሩስ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ፣ ጆሮዬም የማይወደውን ወሬ ከመጣሉ በቀር ደኅና ነኝ። አባትሽም ደኅና ነው፤ እንደ ልማዱ ሁሉን ያውቃል።

ሰላምታው አለቀ። አሁን ልቆጣ ነውና ወንበር ሳቢ።

አያትሽ ካረፈች በኋላ አራት ዓመት ሙሉ የድብርት መድኃኒት ስወስድ ነበር። ከአባትሽ በቀር ማንም አያውቅም፤ እሱም ያወቀው መሳቢያዬን ሲበረብር ነው። ለአንቺ ያልነገርኩሽ አፍሬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ማፈሬ ደግሞ ሌላ ሐፍረት ሆነብኝ። መድኃኒቱ ግን ሠርቶልኛል። ሰው መተንኮስ እንደገና ጀመርኩ፤ ጎረቤቶቼ ይመስክሩ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ “ደኅና ሆኛለሁ፣ ልተወው” ብዬ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል፣ “ተሽሎዎታል አባት፤ ከነገ ጀምሮ ይተዉት” አለኝ። በቃ! ሌላ ቃል የለም። አዲስ ጫማ ስገዛ እንኳ ሻጩ “እስኪለምዱት መጀመሪያ እቤት ውስጥ ይራመዱበት” ይለኛል። ለጭንቅላቴ የጫማን ያህል የሚያስብ ይጥፋ?

ሰኞ ተውኩት። ሐሙስ ላይ ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጭርር ይልብኝ ጀመር። ወለሉ ጀልባ ሆነ። በቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ አይቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሳሙናው ምንም አላደረገኝም። ሱቄ ገብቼ የአንዲት አስተማሪ የእጅ ሰዓት ስፈታ እጄ ተንቀጥቅጦ ብሎኖቹን ወለል ላይ በተንኳቸው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሰዓት ስጠግን እንዲህ ሆኜ አላውቅም! በጉልበቴ ተንበርክኬ ስለቅም ዋልኩ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ያልጠራሁት ሐሳብ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን እንዳለኝ አልጽፍልሽም። ፈራሁት፤ ይኸው ነው።

አባትሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? “አየህ አባዬ፣ ሱስ አስይዞህ ነው!” ብሎ የተረፈውን ክኒን ሽንት ቤት ደፋው። ሱስ አለኝ! ስልኩ ለአንድ ሰዓት ቢጠፋበት ግድግዳ የሚቧጥጥ ሰው!

ተመልሼ ክሊኒክ ሄድኩ። ያ ሐኪም ራሱ ተው እንዳለኝ እንኳ ረስቶታል። “ሕመሙ ተመልሶብዎታል፤ እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ይሄኛውን ይዋጡ” ብሎ የሌላ መድኃኒት ማዘዣ ወረወረልኝ። የቆመ ሰዓት ሲመጣልኝ ገና ሳልከፍተው “ወድቋል? ውኃ ነክቶታል? ከመቼ ጀምሮ ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ያዳነችኝ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ናት። ማዘዣውን አየችና “አባባ፣ የድሮውን እንዴት ነው ያቆሙት?” አለችኝ። “እንደ ጀግና፣ ባንድ ቀን” አልኳት። አልሳቀችም። “ሕመሙ ላይሆን ይችላል እኮ። በተዉት በቀናት ውስጥ ከጀመረዎ፣ ድንገት በማቋረጥዎ የመጣ ሊሆን ይችላል” አለችኝና፣ ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ ለሐኪሙ ደወለች። “አዎ ዶክተር። አይ ዶክተር። እሱ እንደዚያ አይቀየርም ዶክተር።” ከኋላዬ የነበረችው ሴትዮ ወሬው እንዳያመልጣት ሳሏን ዋጠች።

ከዚያ ልምድ ካላት ሌላ ሐኪም ጋ ላከችኝ። እሷ ወደ ድሮው መጠን መለሰችኝ፤ እስክረጋ ጠበቀች፤ ቀጥላ በየወሩ እያየችኝ በትንሽ በትንሹ ቀነሰችልኝ። ወደ መጨረሻው ስንቃረብ ይባስ ብላ ቅናሹን አሳነሰችው። “አሁንማ ምን ቀረው፣ ልዝለለው” ብላት፣ “እግር የምትሰብረው የመጨረሻዋ ደረጃ ናት” አለችኝ።

እኔ ግን አርፌ የምቀመጥ መስዬሻለሁ? ወሩ ረዘመብኝና ማጉያ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣ ክኒኒቱን በወረንጦ ይዤ፣ በትንሿ ሞረዴ ዙሪያዋን ሞረድኳት። እንዴት ያለች ውብ ሥራ! ልኩራራባት ለመድኃኒት ቤቷ ሴት ባሳያት ጮኸችብኝ፦ “አባባ! ይቺ እኮ ሽፋኗ መድኃኒቱን ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው፤ እርስዎ ግን ፍቀው አጠፉት!” ለካ አንዳንዱ በጠብታ የሚለካ ፈሳሽም አለው፤ ከሞረዴ በፊት ብጠይቅ ኖሮ ትነግረኝ ነበር። አየሽ፣ የሰው ሰዓት ሲፈጥን ማስተካከያውን በፀጉር ስፋት ብቻ ገፋ አድርጌ እተወዋለሁ። በዚያው ቀን ዳግመኛ አልነካውም። አንድ ቀን በጀርባው፣ አንድ ቀን በፊቱ አስተኝቼ አየዋለሁ። ባለቤቱ ቢጮህም አልሰማውም። ለራሴ ጭንቅላት ግን ትዕግሥቱን ከየት ላምጣ! እንዲያም ሆኖ በአሥራ አንደኛው ወር ጨረስኩ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን እኔ ጋ ስትሰነብቺ፣ ከቦርሳሽ የወደቀችውን ፓኬት ሳነሣልሽ “ቪታሚን ናት አባባ” አልሽኝ። እሺ አልኩ። ከሄድሽ በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን ቅርጫት ስደፋ ያንኑ ፓኬት ከነክኒኑ አገኘሁት። ዕድሜውን ሙሉ ጥቃቅን ጽሑፍ ሲያነብ የኖረ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይጣላል? ጥሩ ቪታሚን ነው። እኔም አራት ዓመት ወስጄዋለሁ።

ትናንት በስልክ ድምፅሽ ታፍኖብኝ “ምን ሆነሽ አለቀስሽ?” ብልሽ፣ “ምንም፣ አንድ ማስታወቂያ አይቼ ነው” አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ዝግ ነው።

አልተቆጣሁም ብልሽ እዋሻለሁ። የተናደድኩት በመውሰድሽ አይደለም፤ ለማንም ሳትነግሪ፣ ባንድ ቀን፣ ያውም እኔ ቤት ቅርጫት ውስጥ በመጣልሽ ነው! “ሱስ” የሚለውን ቃል ፈርተሽ እንደሆነ አባትሽን ለእኔ ተይልኝ። መደበቅን ከዚህ ቤት ተምረሽ እንደሆነ ደግሞ ጥፋቱ የመሳቢያዬ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ያ ያልተጠራ እንግዳ አንቺም አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ለብቻሽ አታስተናግጂው። ከአባባ ጋር ሁለት ሆነን እናባርረዋለን።

ለጥገና የተውሽልኝ የእጅ ሰዓትሽ ተሠርታለች፤ ኪሴ ውስጥ ናት። ይህንንም ደብዳቤ ፖስተኛ አላመጣልሽም፤ በርሽን ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ ስትጠፊ በሥሩ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ደረጃው ግርጌ ተቀምጫለሁ። የመድኃኒት ቤቷ ሴት እስከ ማታ አለች፤ ሐኪሟም ዛሬ ታይሻለች። ልትተዪው ይሁን ልትቀይሪው፣ መንገዱን ከእነሱ ጋር እናወጣለን፤ ስንት ወር ቢፈጅም አብሬሽ እቆጥራለሁ።

ፈጣሪ ልብሽን ያርጋልኝ። እኔን ለመቅበር ያብቃሽ፤ ግን ደግሞ አትቸኩይ። ደረጃውን ለመውረድ ብቻ መቸኮል ተፈቅዶልሻል፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።

ታች የሚጠብቅሽ አያትሽ