በአለልኝ ስም የመጣው ወረቀት

ጥር 8፣ ከጠዋቱ 1፡30

ዛሬም ሁለት ሸሚዝ ተኮስሁ። እጄ ለምዶ ነው። የአለልኝን መልሼ ሰቀልሁት። ወንድሜ ከሞተ ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ቀኑ። ይፋግ ሩዝ አጨዳ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ፤ በአራተኛው ቀን አረፈ።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ በር ላይ አየችኝና አለልኝ መጣ ብላ እየጮኸች ሮጠች። እኔና እሱ እኮ በምንም አንመሳሰልም። እሱ ቀይ፣ ጸጉሩ የደረሰ ገብስ፣ ዓይኑ የድመት። እኔ ጥቁር፣ ቁርጥ አባቴን። ሰፈሩ ፊት ለፊት "ፈረንጁ" ይለው ነበር። ከጀርባ ደግሞ "የአባቱ ልጅ አይደለም" ይላል። እናቴ ይህን አሥራ ስምንት ዓመት ሰማች።

ጥር 13፣ ማታ 12 ሰዓት

ወረቀቶቹ መጡ። አምና ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ያገሩን ሰው የዘር ምንጭ እናጠናለን ብለው ት/ቤት ውስጥ ምራቃችንን በብልቃጥ ወስደው ነበር። የባዮሎጂው መ/ር ሁለቱን ፖስታ ለአባቴ ሰጡት። የእኔ፦ የአውሮፓ ዘር የለም። የአለልኝ፦ ጥቂት አለ።

አባቴ ወረቀቱን አጠፈ። እናቴን ቀና ብሎ አላያትም። ታላቅ ወንድሙ አያ ሞላ ግን ሳቁ። "ዓይኑን አይቼ ነግሬህ አልነበር? አሁን ምን ትላለህ?"

በቤታችን ደንብ የአርባው ዕለት ትልቅ ሰው የሟቹን ሰባት ቤት በሰው ፊት ይቆጥራል። አያ ሞላ ግን እኔ አልቆጥርለትም አሉ። እናቴ ወጥታ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች።

ምራቅ የሰጠን ዕለት እኮ እኔና አለልኝ ብልቃጥ ተለዋውጠናል! ነገሩን ያመጣው አለልኝ ነው፤ እስቲ ፈረንጁን ይለዩት እንደሆነ እያለ፣ እየሳቀ። የኔ ምራቅ በእሱ ስም ሄደ፣ የእሱ በኔ። ፈረንጅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ጥቁሩ። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ጥር 15፣ ቀትር

በወረቀቱ ከሄድን በአለልኝ ስም ያለው ገና ይተነፍሳል። ከአፈር በታች ያለው በኔ ስም ያለው ነው።

በመስተዋቱ አየሁ። ፀሐይ ፊቴ ላይ። በዓይኔ ጥቁር ዙሪያ ቢጫ ነገር አለ። ባለፈው ወር አልነበረም። ወይስ አይቼው አላውቅም?

እናቴ ለምሳ በስሙ ጠራችኝ። አቤት አልሁ። አላረመችም። እኔም አላረምሁ።

ጥር 17፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አያ ሞላ ቤት ሄጄ የራሴን ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ አልሁ። ደስ አላቸው። አንተ የኛ ነህ፣ መልክህ ይመሰክራል አሉ። በጣታቸው ጀመሩ፤ አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ። አምስተኛው ሰው ላይ ሲደርሱ አባቱን ዘለው እናቱን ጠሩ። ወለተ ጊዮርጊስ፣ የጋፋቷ።

አባትየውስ?

ሳል ያዛቸው። "እሱ አይቆጠርም።"

ለምን?

"ያኔ ጋፋት ለንጉሡ መድፍ ያቀልጡ ከነበሩት ፈረንጆች አንዱ... ተወኝ አንተ ልጅ!"

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይኔን። ጣታቸው እንደታጠፈ ቀረ። "አንተ ዓይንህ ከመቼ ጀምሮ ነው..." አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እያማተቡ ትተውኝ ወጡ።

ጥር 18፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ነገ ተዝካሩ ነው። መ/ሩን ጠየቅኋቸው፤ እንደገና ምራቅ መስጠት ይቻላል። በገዛ ስሜ።

ወስኛለሁ። አያ ሞላ እምቢ ሲሉ ተነሥቼ እኔ እቆጥርለታለሁ። የጋፋቷ ላይ ስደርስ አልዘልም፤ ፈረንጁንም እጨምራለሁ። የብልቃጡን ነገር እናገራለሁ። ደሙ የመጣው በአባቴ ቤት፣ በአያ ሞላም ቤት መሆኑን እናቴ ፊት እናገራለሁ። ካላመኑኝ ዓይኔን ይዩ።

ለነገ ሸሚዝ ተኮስሁ። አንድ። የእሱን ነው። አምና ይሰፋኝ ነበር፤ አሁን ልክ ሆኗል።

እናቴ ከውጭ እየጠራች ነው። በስሙ። ነገ ስሜን እነግራታለሁ። ዛሬን ግን አቤት ልበላት።