መሪው ላይ የምትመታት ጭብጨባ

አባ ሌንሳዬ፣ አከም ጅርታ? ለሞተ ሰው እንዴት አለህ ይባላል ወይ ብለህ እንዳትስቅብኝ፤ ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም። ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ልጃችን ሌንሳ እዚሁ ነቀምቴ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ሚኒባስህ አሁንም ከነቀምቴ ዲጋ ይመላለሳል፤ ሹፌሩ ግን ሌላ ነው። ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለዚያ የፈረንጆች ሮክ ሙዚቃ ነው። ጋቢና አስቀምጠኸኝ ዲጋ እናትህ ዘንድ ስንሄድ ትከፍተው ስለነበረው አልበም። ከበሮውን ከአፍሪካ ነው የወሰዱት፣ የኛ የወለጋ ጭብጨባ ሳይቀር አለበት እያልክ መሪውን በመዳፍህ ቸብ ታደርገው ነበር። አንዴ፣ ቆየት ብለህ ደግሞ ሁለት ጊዜ አከታትለህ። እኔ ሞክሬ ስሳሳት በሳቅ ትፈርሳለህ፤ እናንተ ጎጃሞች ትከሻ እንጂ እጅ የላችሁም ትለኛለህ። ወይ አንተ!

በቀደም ሌንሳ አልበሙን በስልኳ ከፈተችልኝ። ከበሮው አለ፣ ጊታሩ አለ፤ ያቺ ቸብ ቸብ ግን የለችም! ስልኩ ዋጣት ብዬ ካሴትህን ፈልጌ ጎረቤት ቴፕ ላይ አስከፈትኩ። እዚያም የለችም። ደነገጥኩ፤ አንተን መርሳት ጀመርኩ ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ። ሌንሳ ኢንተርኔት ላይ አንብባ እንደነገረችኝ ደግሞ የሙዚቃ ባንዱ አልበሙን የሠራው ከምዕራብ አፍሪካ ከበሮ መቺዎች ጋር ነው፤ ወለጋን በዓይናቸውም አላዩአትም። ታዲያ ያቺ ጭብጨባ ከየት መጣች? እንቅልፍ ነሳችኝ።

ባለፈው ሳምንት ዲጋ የእህትህ ልጅ ሠርግ ነበር። ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበው ሲዘፍኑ ሀርሜ፣ እናትህ፣ ከተቀመጡበት ተነስተው አጨበጨቡ። አንዴ፣ ቆየት ብለው ሁለት ጊዜ አከታትለው። ክው አልኩ! ለካ ፈረንጆቹ ከኛ አልወሰዱም፤ የእናትህን ጭብጨባ የጨመርክላቸው አንተ ነህ። እያወቅህ ነው ወይስ አንተም ካሴቱ ላይ ያለች መስሎህ? ምናለ ይህቺን ብቻ በነገርከኝ። ያን ሁሉ ዓመት ፈረንጅ ስሰማ የኖርኩ መስሎኝ አንተን ነበር የምሰማው።

ሀርሜን ያስተምሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። አሁን ሌንሳ ዘፈኑን ስትከፍት ያቺ ቦታ እስክትደርስ እጄን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። እስካሁን ትንሽ እዘገያለሁ፤ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። ሳቅብኝ። ዘግይቼም ቢሆን ቦታህን ባዶ አልተወውም።

ያንተዋ ጎጃሜ