እማዬና ባለ ሁለት ሞተሩ

ሰኔ 4፣ ሰኞ

ዝናብ። ሆቴሉ ጭር ብሏል። ከእንግዳው ይልቅ ሐይቁ ዳር የሚንጎራደዱት አባ ኮዳ ወፎች ይበዛሉ።

ቀኑን ሙሉ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ፣ አንድ እንግዳ ትቶት የሄደውን ጋዜጣ ሳነብ ዋልኩ። አዲሱ ቦይንግ ከአሜሪካ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ሳያርፍ፣ አዲስ አበባ ገባ ይላል። ነዳጅ ይቆጥባል። ወንበሩ ምቹ ነው። መተላለፊያው በሁለት በኩል። ሞተሩም ሁለት። ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ… እኔ እንደሆንኩ ከአዋሳ ወጥቼ የማውቀው በጋሽ ደረሰ አውቶቡስ ነው። እሱም ሞጆ ላይ መበላሸት ይወዳል።

ሰኔ 6፣ ረቡዕ

ብርቅዬ ከሮም ደወለች። ቤት ስልክ ስለሌለን እህቴ የምትደውለው ሁልጊዜ ሆቴሉ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ትወልዳለች። ባሏ ኤምባሲ ስለሚሠራ የእማዬን ወረቀት ጨርሶታል። መውጫ ቪዛውም ቲኬቱም አልቋል። የቀረችው እማዬ ብቻ ናት። እስካሁን ምንም አታውቅም። ለፓስፖርቱ ፎቶ ያስነሳኋት "ለማንኛውም" ብዬ ነው።

"ያለፈው ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ" አለችኝ ብርቅዬ። ሌላ አልጨመረችም። ያለፈው ልጅ አልቆየላትም። ያን ጊዜ እዚያ አገር አጠገቧ አንዲት እንኳ የምታለቅስላት ሴት አልነበረችም። "እማዬን እልክልሻለሁ፣ አታስቢ" አልኳት። አፌ መቼም ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

እማዬ ስትሰማ እልል አለች። ለአራስ ይሆናል ብላ ወዲያው ቅቤ ልታነጥር ተነሳች። ከዚያ መሀል ቤት ቆመችና "በምንድን ነው የምሄደው?" አለች። በአዲሱ አውሮፕላን አልኳት። ቁጭ አለች።

ሰኔ 7፣ ሐሙስ

ጋዜጣውን አነበብኩላት። ማንበብ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? እኔ ደግሞ ማብራራት እወዳለሁ። የድሮው ባለ አራት ሞተር እንደነበረ፣ ይኼኛው ግን በሁለት ብቻ እንደሚበር፣ ሥልጣኔ ማለት ይሄ እንደሆነ… ሳደንቅ ሳደንቅ እማዬ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

"ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን እግር ብትነቅዪለት፣ ሻይ ታስቀምጪበታለሽ?"

መልስ ሲጠፋኝ መቀለድ ልማዴ ነው። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ሁለቱን ቀነሷቸው አልኳት። አልሳቀችም። ቀልድ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። አልሄድም ብላለች።

ሰኔ 10፣ እሁድ

ጋሽ ደረሰን አስጠራሁት። ጎረቤታችን ነው። በአዲስ አበባ መስመር አውቶቡስ ይነዳል፣ የእድራችንም ዳኛ ነው። ስለ ሞተር ከተነሳ እማዬ ከእሱ ሌላ አትሰማም። በር ላይ ያዝኩትና አደራ እንዲያግዘኝ ለመንኩት። እሺ አለ።

እማዬ ፊት "ያንተ አውቶቡስ ስንት ሞተር አለው?" አልኩት።

"አንድ።"

"ይኸው!" አልኩ ወደ እማዬ ዞሬ። "አውሮፕላኑ በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።"

ጋሽ ደረሰ ሻዩን አማስሎ አማስሎ፣ "የኔው ሲቆም ግን ወርደን እንገፋዋለን" አለ።

እግዜር ይይለት። እማዬ "ሰማሽ?" አለችኝና ምሳ ልታቀርብለት ሄደች። ደግሞ ሥጋውን አብዝታለታለች።

ሰኔ 13፣ ረቡዕ

የሆቴሉ ገንዘብ ተቀባይ ታምሩ ጆሮዬ ሥር መጥቶ አንሾካሾከ። አዲሱን አውሮፕላን በነዳጅ ኩፖን ምክንያት ሁለት ሞተር ነቅለውለታል አሉ… የነገረው ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ሰው ነው።

የኔው ቀልድ! ከቤት ወጥቶ አድጎ ተመለሰ። እማዬ ለጓደኛዋ ለእትዬ እታፈራሁ፣ እሳቸው ወፍጮ ቤት፣ ወፍጮ ቤቱ ለከተማው። ቀበሌ ከሰማ "ማነው ያወራው?" ብሎ ነው የሚጀምረው። ኮስተር ብዬ "እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም" አልኩት። ታምሩ ትክ ብሎ አየኝና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ከነብስኩቱ አመጣልኝ። የመንግሥት ጆሮ የሆንኩ መስሎታል። አላረምኩትም።

ሰኔ 17፣ እሁድ

በማስረዳት አልሆን ሲል በተግባር ይሁን አልኩ። የሳሎኑን ወንበር ሁሉ ከጎረቤት ከተዋስኩት ጋር ደረደርኩ። ሁለት፣ መተላለፊያ፣ ሦስት፣ መተላለፊያ፣ ሁለት። እማዬን ጫፍ ላይ፣ እትዬ እታፈራሁን ታቦር ተራራን በሚያሳየው መስኮት በኩል። ጋሽ ደረሰ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን። ላለፈው ጥፋቱ ቅጣት መሆኑ ነው። የቀሩት ጎረቤቶች የቀረው ወንበር ላይ። ቀበቶ የለም እንጂ መቀነት አለ፣ ሁሉንም ከወንበራቸው ጋር አሰርኳቸው። ከዚያ የሆቴሉን ሰርቪስ ትሪ ይዤ ቆሎና ሻይ አዞርኩ።

እያዞርኩ ሰበክሁ። ከሁለቱ ሞተር አንዱ ቢደክም በቀረው ብቻ ሄዶ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ተፈትኗልም። እግር መዘርጊያ አለ። ሽንት ቤት አለ። እማዬ "ውስጡ?" አለች። እዚህ ላይ ትንሽ ተመቻት መሰለኝ።

ሁሉ ነገር አምሮ ሳለ ጋሽ ደረሰ ዞር ብሎ "ዝዋይ! ሻይ የሚጠጣ!" ብሎ ጮኸ። ከነወንበራቸው ተነሱ! አይቆምም፣ ዝዋይ አይቆምም ብል ማን ይስማኝ። እማዬ ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ሰዉ ሲሄድ ግን መቀነቷን እየፈታች፣ "እዚያ ብሞትስ ማን ያለቅስልኛል?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ለካ ነገሩ ሞተሩ አይደለም። እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ቀን ስለ ሞተር… ቂል ነኝ።

ሰኔ 24፣ እሁድ

እድር ተሰበሰበ። እማዬ እጇን አውጥታ ጠየቀች፦ አንድ አባል ከሰማይ ቢወድቅና አስከሬኑ ባይገኝ እድሩ ምን ያደርጋል?

እንደዚህ የጦፈ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ቀብር ከሌለ ለቅሶ የለም ያለ አለ። ባሕር ላይ ቢወድቅስ፣ ባሕሩ የማን ክልል ነው ያለም አለ። አንዱ ሽማግሌ "ለመሆኑ የሚወድቀው ሲሄድ ነው ሲመለስ?" ብለው ጠየቁ፣ ልዩነቱን ግን አላብራሩም። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጭኜ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ያለቀስኩ መስሏት አንዲት ሴት ጀርባዬን አሸችኝ።

በመጨረሻ ጋሽ ደረሰ ጉሮሮውን ጠራርጎ ፈረደ። "አስከሬን ኖረም አልኖረም፣ ለወይዘሮ አባይነሽ ሦስት ቀን ድንኳን ይተከላል።" ተጨበጨበ። እማዬ ተነስታ እጅ ነሳች።

ወደ ቤት ስንመለስ ፊቷ ፈካ ብሏል። "እንግዲህ አያለሁ" አለች። ከ"አልሄድም" ይሻላል።

ሐምሌ 1፣ እሁድ

ዛሬ እማዬ ሞተች። እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

እማዬ ቁርጡን ባትናገርም ለሽኝቱ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተናል። ዝናብ ነው፣ ቤቱ አይበቃም። ጋሽ ደረሰ፣ ልቡ ደግ ነው፣ የእድሩን ድንኳን ላከልን። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ብዙአየሁ ድንኳኑ ወደኛ ግቢ ሲገባ ከሩቅ አየ። ድንኳን የሚወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱ ምን ያድርግ? ጥሩንባውን አንስቶ ሰፈሩን ዞረ። ወይዘሮ አባይነሽ አረፉ፣ ከሰማይ ወድቀው!

ሰዉ ነጠላውን ዘቅዝቆ እየጮኸ መጣ። እማዬ ዳቦ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ለቅሶ ሲመጣ ዝም ማለት አትችልም፣ ዳቦውን ለእኔ ሰጥታ ደረቷን እየደቃች ተቀላቀለች። ትንሽ ካለቀሰች በኋላ አጠገቧ ያለችውን ሴት "ማነው የሞተው?" አለቻት።

ሴትየዋ አየቻት። 

"አንቺ" አለች።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ እማዬ ወንበር አስመጥታ ድንኳኑ መሀል ተቀመጠች። "ከመጣችሁ አይቀር ጨርሱት፣ ልስማው" አለች። እትዬ እታፈራሁ ከምራቸው ተነስተው ሙሾውን አወረዱት፦

በሯን ሳትዘጋ ስንቱን ያጠገበች፣
ዛሬ ምን አግኝቷት ከደጅ ተቀመጠች።

ሰዉ እየሳቀ አለቀሰ። እኔም። እማዬ ግን በጽሞና አዳመጠች። ማን እንዳለቀሰ፣ ማን አፉን ብቻ እንደከፈተ ለየች። ቅቤ አነጣጠሬን አላነሳችሁም ብላም አሳረመች።

ዳቦው ተቆርሶ ሲያልቅ "በቃ፣ ተለቅሶልኛል። አሁን ከፈለገ በአንድ ሞተር ይሂድ" አለች።

ሐምሌ 2፣ ሰኞ

ብዙአየሁ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እማዬ ጥሩንባው ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ነግራ መረቀችው።

ሐምሌ 4፣ ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

ትናንት በጋሽ ደረሰ አውቶቡስ መጣን። ሞጆ ላይ ቆመ። ወርደን ገፋን። እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ እንድንበረታ አዘዘች።

ዛሬ ቦሌ ሸኘናት። ቅቤዋን አቅፋ፣ ዞር ብላ ሳታይ ገባች። ሰገነቱ ላይ ወጥተን ቆምን። አውሮፕላኑ ያምራል። ሆዱ ሰፊ ነው፣ ነጭ። በአንዱ ክንፍ ሥር አንድ ሞተር… በሌላው አንድ። ደግሜ አየሁ። ያው ሁለት። ያን ሁሉ የሰበክሁ እኔ፣ ምነው አራት በሆነ አልኩ። ስድስትም ቢሆን አልጠላም ነበር። ሲነሳ የጋሽ ደረሰን ክንድ ጨመደድኩ።

"ሁለት ይበቃዋል" አለኝ።

"በምን አወቅህ?"

"አንቺ አይደለሽ ያልሽው?"

አለቀስኩ። እሁድ ዕለት ድንኳን ውስጥ ያለቀስኩት ለካ አልበቃኝም ነበር።

ሐምሌ 5፣ ሐሙስ

አዋሳ ገባሁ። እማዬ አልደወለችም። ታምሩን መሥመሩን እንዳትይዝብኝ አልኩት። እስካሁን ይፈራኛል፣ አልያዘም።

ሐምሌ 6፣ ዓርብ

ደወለች! እዚያው ብርቅዬ ቤት ሆና እየጮኸች ነው የምታወራው፣ ያለ ስልክ ድምፅዋን አዋሳ የምታደርሰው ይመስል። የወንበሩን ቀበቶ ስላላመነችው መቀነቷን በላዩ አስራበታለች። ሁለት መተላለፊያ አለው ያልኩት እውነት ነው። በአንዱ ሄዳ በሌላው እየተመለሰች ሰዉን ሁሉ ጤና ይስጥልኝ ስትል ነበር። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። "ለደረሰ ንገሪው፣ መግፋት አላስፈለገም" አለች።

ሐምሌ 18፣ ረቡዕ

ብርቅዬ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ስልኩን ልጅቷ አፍ ላይ አድርገው አስጮሁልኝ። ሙሉ ድምፅ አላት፣ የእማዬን። ብርቅዬ አለቀሰች። እማዬ ተቀበለቻትና "ብቻዋን አልነበረችም" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አንቺስ? ብቻሽን ነሽ?" አለች።

አይደለሁም አልኳት። አልዋሸሁም። እማዬ ከሄደች ጀምሮ እትዬ እታፈራሁ እኛ ቤት ነው የሚያመሹት። ወንበሮቹን ለባለቤቶቹ እመልሳለሁ እያልኩ አልመለስኳቸውም፣ እንደተደረደሩ ናቸው። እሳቸው ከመስኮቱ በኩል ካለው ወንበራቸው አይነሱም።

ዛሬም ሻዬን ይዤ ስገባ መቀነታቸውን ከወንበሩ ጋር አስረው አገኘኋቸው። መቼ ነው የምናርፈው አሉኝ። "እማዬ ስትመጣ" አልኳቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩና አሰርኩ።