ለፈረሶቹ ስለተመለሰው ጋጣ

ይድረስ ለከተማችን የታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፦

ክቡርነትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና በጥበቃዎ ሥር ያሉት አሮጌ ግድግዳዎች ሁሉ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሣህሊቱ እባላለሁ፤ ከሲያትል በስተ ደቡብ፣ ዴ ሞይን ከተማ ሳይደርስ፣ ድሮ የፈረስ ሠረገላ መንገደኞች ያድሩበት የነበረውን ቤት ከባለቤቴ ከኃይለ መስቀል ጋር ሆቴልና ምግብ ቤት አድርገን እናስተዳድራለን። ቤታችን ባለፈው ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2013፣ በታሪካዊነት ስለተመዘገበልን ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ለፈረሶቹ ስላሰቡላቸው አመሰግናለሁ። የጓሯችን ጋጣ ፈረስ ካየ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከጎኑ በተቀጠለችው ጠባብ ማድቤት ግን ቢልቂስ የምትባል የድሬዳዋ ሴት ከኤርፖርት ሥራ ለሚወጡ ሻንጣ ጫኞችና ታክሲ ነጂዎች ፉል ትሠራ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ማድቤቷ ፈርሳ ጋጣው ወደ ጥንት መልኩ ካልተመለሰ ቤቱ እንደማይመዘገብ በትሕትና ገለጸልን። ኃይለ መስቀል፣ «ካልተመዘገበ እድሳቱን ብቻችንን አንችለውም፤ ቤቱም ከእጃችን ይወጣል» አለኝ። ፈረምኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሠራተኞችዎ ቅልጥፍና። አፍራሾቹ የመጡት ቢልቂስ ድስቶቿን አጥባ ሳትጨርስ ነው። ላግዛት ወጣሁ። «ተይው፣ ልብስሽን ጥላሸት ይነካዋል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፤ የመንግሥት ትእዛዝ ነው» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛውንም በእርስዎ ላይ ለመጻፍ ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። የሆቴላችን ማድቤት ሰፊ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግማሹ ያለ ሥራ ይውላል። ቢልቂስን ወደዚያ እንዳላስገባ የሚከለክል ደንብ በትእዛዝዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ የሚመጡት ደንበኞቿ በእንግዳ መቀበያው ሲያልፉ አዲሶቹ እንግዶቻችን ምን ይሉ ይሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይህንን ያሰብኩት እኔ ራሴ ኤርፖርት ሻንጣ እየገፋሁ የኖርኩ ሴት ነኝ።

በምረቃው ዕለት ክቡርነትዎ ሪባኑን ቆርጠው፣ ይህ ቤት መንገደኛን ሳይመርጥ ያበላ እንደነበር ልብ በሚነካ ንግግር ሲያስረዱን፣ ቢልቂስ ከምትኖርበት ከኦቴሎ ሰፈር ድረስ መጥታ ከኋላ ቆማ ታጨበጭብ ነበር። ሕዝቡ ሲበተን ጠጋ ብዬ፣ «ነይ፣ በእኛ ማድቤት ሥሪ» አልኳት።

«ኤርፖርት ውስጥ ኩሽና ገብቻለሁ። ሺፍቴ ጥሩ ነው፣ ኢንሹራንስም አለው» አለችና ፈገግ አለች። «ያኔ ብትዪኝ ኖሮ እሺ እል ነበር።» ጉንጬን ሳመችኝና ወደ አውቶቡሷ ሄደች።

ጋጣው በጣም ያምራል። እንግዶች ፎቶ ያነሱታል፤ እኔ በጓሮ በር መውጣት ትቻለሁ።

ትእዛዝዎን አንድም ጥያቄ ሳታነሳ የፈጸመች፣ ክፍሎቿ ሁሉ በእንግዳ የተሞሉላት፣ ስለዚህም ምስጋናዋ ወሰን የሌለው አክባሪዎ፣

ሣህሊቱ

ማስታወሻ፦ በዋናው በር ላይ በሰቀሉልን የናስ ሰሌዳ «ከዚህ በር ማንም መንገደኛ ተባርሮ አያውቅም» ተብሎ ተጽፏል። እባክዎ ያንሱልኝ። ያስጻፉት እርስዎ ቢሆኑም፣ በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ ነኝ።