ሾርባ ያልሠራሽበት ጠዋት

ለውድ ምራቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ያ የአውቶቡስሽ መቀመጫ አሁንም ይወጋሻል ወይስ አለቆችሽ ተለመኑሽና ቀየሩልሽ? የጂንጁ ጠዋት መቀዝቀዝ ሳይጀምር አልቀረም፤ መስኮት ከፍተሽ እየነዳሽ ብርድ እንዳይመታሽ አደራ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። እዚህ ኦክፖም ሁሉ ነገር እንዳለ ነው። የመርከብ ፋብሪካው ፉጨት ዛሬም ጠዋት ጠዋት ይጮኻል፤ እኔም ጡረታ መውጣቴን ረስቼ ብድግ እላለሁ።

ምራቴ ብዬ በመጀመሬ አትቀየሚኝ። ከልጄ ከጂንቴ ጋር ከተፋታችሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሌላ መጠሪያ ባጣ ነው። ደብዳቤው እስኪያልቅ አንድ አገኝ ይሆናል።

በቹሶክ በዓል ዋዜማ ደውለሽ የነገርሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። «አባባ፣ አንድ ሰው አግኝቻለሁ፤ በኅዳር ልንጋባ ነው። ከእንግዲህ መምጣቴም መደወሌም ለእርስዎ አያምርም፤ አባባ ብዬ ስጠራዎት ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አልሽኝ። ቀጥለሽም ያሳደገችሽ አክስትሽ ካረፈች ወዲህ በአንቺ በኩል የሚቀመጥ ሰው ስለሌለ፣ የሙሽራዋን ወላጆች ሁለት ወንበሮች እንዲያነሡልሽ ለአዳራሹ ሰዎች መንገርሽን ነገርሽኝ። ከዚያ አለቀስሽና ዘጋሽው። እኔ ዕድሜ ልኬን ብረት ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስልክ ላይ ምላሴ ይተሳሰራል። «እ… እ…» ስል መቅረቴን ቅያሜ አድርገሽ ወስደሽው እንደሆነ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። መልሴን ይኸው በጽሑፍ።

መጀመሪያ ስለላክሽልኝ መጥበሻ አመሰግናለሁ። ለቹሶክ በዓል ለሰው ሁሉ ሳጥን ሙሉ ወይንና ፍራፍሬ ሲላክለት፣ ለእኔ የደረሰኝ መጥበሻ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዶክፓል አየውና «ደግሞ ለወንድ መጥበሻ ይላካል? ወንድ ማድ ቤት ከገባ ወንድነቱ ይወድቃል» አለኝ። እኔ ከገባሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እስካሁን የወደቀ ነገር አላየሁም።

ያን የመጀመሪያ ጠዋት ታስታውሺዋለሽ? አማትሽ ከሆስፒታል ከወጣች ሳምንት አልሞላትም። የሩዝ ሽታ ያቅለሸልሻታል፤ ሾርባ ሳቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔ ደግሞ «መፋታታችሁን እንዳትሰማ፤ ሐዘኑን አትችለውም። ጂንቴ መርከብ ላይ ስለሆነ መቅረቱ አያስጠይቅም፤ አንቺ ብቻ አንዳንዴ ብቅ በይ» ብዬ ለምኜሻለሁ። እምቢ ብትይኝ ምን እል ነበር? ምንም። ከቤታችን ጋር የሚያስርሽ ልጅ የለ፣ ምን የለ። አንቺ ግን ከሥራ መልስ የሹፌር ልብስሽን ሳታወልቂ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሽ። ከታች ካለው ሱቅ ዳቦ፣ እንቁላልና ቺዝ ገዝተሽ በላስቲክ አንጠልጥለሻል።

ማድ ቤት ገብተሽ «እማማ፣ ሾርባ እስኪደርስ ሁለታችንም እንሞታለን፤ እኔ ርቦኛል» አልሻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደነገጥኩ። በእኛ ቤት ጠዋት ያለ ሩዝና ሾርባ ነግቶ አያውቅም። በመጥበሻው ላይ ቅቤ ጣልሽ። ሁለት እንቁላል በባሮ ሽንኩርት መትተሽ አፈሰስሽበት። ገና ሳይረጋ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ጎን ለጎን አስተኛሽበትና ወዲያው አገላበጥሻቸው፤ በሁለቱም ፊት እንቁላል ጠጡ። ሲረጋ ሙሉውን ገለበጥሽው፤ የተረፈውን የእንቁላል ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፍሽ፤ ቺዙን በአንዱ ላይ አደረግሽና ሌላውን እንደ መጽሐፍ ከደንሽበት። ከላይ ቆንጠር አድርገሽ ስኳር ነሰነስሽ። አንድ መጥበሻ፣ አንድ መገልበጫ፣ በቃ። ከዚያም ጥጉን ቆርሰሽ መጀመሪያ ራስሽ ቀመስሽና «ይበሉት፣ ይጣፍጣል» ብለሽ ሰጠሻት።

አማትሽ ሙሉውን በላችው! ቺዙ እንደ ክር እየተሳበ አገጯ ላይ ሲቀር በሳቅ ፈረስሽ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ «በዚህ ቤት ትኩስ ቁርስ ተቀምጬ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሁሌም ለሁሉም አቅርባ እሷ ስትቀመጥ ሾርባዋ ቀዝቅዞ ይጠብቃት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕረፍትሽ በደረሰ ቁጥር መጣሽ። ሐኪሞቹ እስከ በጋ አትደርስም ያሏት ሴት በልጉን አለፈች፣ በጋውንም አለፈች፣ ቅጠል ሲረግፍ አየች። ስለዚያ ዕድሜ ማመስገን ያለብኝ አንቺን ነው፤ ሌላ የማመሰግነው የለኝም።

ከሞተች በኋላ ስልኩን ጆሮዬና ትከሻዬ መካከል ወትፌ እየሠራሁ ስታስተምሪኝ የነበረውንም አልረሳም። «አባባ፣ አይንኩት!» ትዪኛለሽ። «እየጮኸ እኮ ነው» እልሻለሁ። «የሚጮኸው ቅቤው ነው፤ እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እሱ ይጩህ!» የመጀመሪያዎቹን እየቸኮልኩ ፈነካከትኳቸው። በኋላ ግን ገባኝ፤ ብየዳም እንዲሁ ነው፤ ሳይረጋ የነካ ሰው ሁለቴ ይሠራል።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ። እሷ ከሞተች የመጀመሪያው ቹሶክ ስለሆነ ጂንቴ ከባሕር ወርዶ መጥቷል፤ ዶክፓልም ጎህ ሳይቀድ ከተፍ አለ። በቹሶክ ለሙታኖቻችን የምናቀርበውን ማዕድ እሱ እንደሚደረድር ታውቂያለሽ። ዓሣ በምሥራቅ፣ ሥጋ በምዕራብ፣ ቀይ ፍሬ እዚህ፣ ነጭ ፍሬ እዚያ፤ አንድ ፍሬ ከቦታው ቢዛነፍ ዘር ማንዘራችን የሚያልቅ ይመስለዋል። እኔ ማድ ቤት ገብቼ በአዲሱ መጥበሻ ዳቦ በእንቁላሌን ሠራሁና ይዤ ወጣሁ። እንዲያምር ብዬም ከላይ ካቻፕ ጨምሬበታለሁ።

ዶክፓል ዘሎ ተነሣ። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ቀይ ነገር! ከፍሬ በቀር መንፈስ ቀይ ነገር ይሸሻል፣ በርበሬ እንኳ የማናቀርበው ለምን መሰለህ? ሴትዮዋን ከደጅ ልትመልሳት ነው!» አለኝ። እውነቱን እኮ ነው፤ ዕድሜ ልኬን የማውቀውን ነገር በገዛ እጄ አጠፋሁት። በመጀመሪያው በዓሏ ጦሟን ብትመለስስ? ሮጬ ገባሁና ሌላ ሠራሁ፤ በካቻፑ ፈንታ እንደ አንቺ ስኳር ነሰነስኩ።

ይዤ ስመለስ ዶክፓል ሳህኑን ትክ ብሎ አየው። «ይሄ ማዕድ ላይ የሚወጣ ነገር ነው? ማን አስተማረህ?» አለኝ። አንቺ መሆንሽን ነገርኩት። «የፈታችን ሴት! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ሲባል አልሰማህም? እሷ አሁን ምናችን ናት?» አለ። ጂንቴ አንገቱን ደፍቷል። እኔም «ጋሼ፣ እንግዲያው አህያው እኔ ልሁን፤ ብቻ ሳህኑን ያስቀምጡልኝ፣ ሊቀዘቅዝባት ነው» አልኩት። ሳህኑን ተቀበለኝና ወዲያና ወዲህ ሲያንከራትተው ቆየ። በመጨረሻ «ለመሆኑ ይሄ ከዓሣ ነው የሚቆጠረው ወይስ ከሥጋ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንቁላል የዶሮ ልጅ ስለሆነ ከሥጋ ነው አልኩት። በምዕራብ በኩል፣ ከፎቶዋ ፊት አስቀመጠው፤ መብያውን ቾፕስቲክም ከሩዝ ኬኩ አንሥቶ እሱ ላይ አጋደመላት።

እንደ ወጉ በሩን ዘግተን ወጣን፤ ዘጠኝ ጊዜ እስክትጎርስ ጠበቅናት። ዶክፓል በሩን ከመክፈቱ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ማዕዱን ስንካፈል ዳቦውን መጀመሪያ ያነሣው እሱ ነው። «ቀዝቅዟል እንጂ…» አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሁለተኛውን አነሣ። ጂንቴ አንድ ጊዜ ጎረሰና አቆመ። እጅሽን ዐወቀው። «ደህና ናት?» አለኝ፤ ደህና ናት አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ተነሥቶ መጥበሻውን እንዳይጫጭር በለስላሳው ስፖንጅ አጥቦ አስቀመጠው።

እንግዲህ ዋናውን ልንገርሽ። ይህን ቃል ይዤ የቆየሁት በእሷ ትእዛዝ ነው፤ ጊዜው ደግሞ አሁን ነው።

አማትሽ ልታርፍ ጥቂት ሲቀራት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ወድቃ ሳለ «ልጆቹ ተፋትተዋል አይደል?» አለችኝ። እኔ «ኧረ ማን አባቱ ነው ያለሽ!» ብዬ ተቆጣሁ። ሳቀችብኝ። «አንተ መዋሸት አትችልበትም፤ ተወው። እኔ ያወቅሁት በመጀመሪያው ጠዋት ነው» አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉ ሰዎች እሷን አላወቋትም። እንዴት ብዬ ስጠይቃት ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ «ምራት ሳለች ሾርባ ነበር የምትሠራልኝ። ቆማ ትሠራለች፣ ቆማ ታቀርባለች፣ ጨው በዛ እንዳልላት ዓይን ዓይኔን ታያለች። ያን ዕለት ግን ርቦኛል አለችኝ። ዳቦውን ቆርሳ ራሷ ቀመሰችና የቀረውን ሰጠችኝ። ምራት እንዲያ አታደርግም፤ እንዲያ የምታደርግ ልጅ ናት። ያኔ ነው የምትፈራኝ ነገር እንዳለቀ የገባኝ። ከምራትነት ወጥታ ሳለ፣ ማንም ግድ ሳይላት መጣች። እኔ ያን ዳቦ የልጄ ብዬ ነው የበላሁት» አለች።

ለምን እስካሁን ዝም አልሽ ብላት «ማወቄን ካወቀች አፍራ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ ዳቦዬን ማን ይሠራልኛል? አንተ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ «እኔ ካለፍኩ በኋላ ጥሩ ሰው ያገኘች ዕለት ንገራት። ለእኔ ብላ እንዳትቀመጥ» አለችኝ። አንቺና እኔ ስንደብቃት፣ እሷ ደግሞ ሁለታችንን ደበቀችን። ከሦስታችን ጎበዟ እሷ ነበረች።

ስለዚህ ልጄ፣ ከሁለታችንም ተመርቀሻል። ያ ሰው ዕድለኛ ነው። ሾርባ በፍርሃት የማይሠራበት ቤት ይስጥሽ። የምትቀምሽውን ከልካይ አይምጣብሽ። ጤናና ዕድሜ፣ የሚጮህ መጥበሻና ዝም የሚል ባል ይስጥሽ። መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ መብራት ይሁንልሽ።

አንድ ነገር ብቻ አዝሻለሁ። ሁለቱን ወንበሮች መልሰሽ አስቀምጪ። አንደኛው ባዶ ቢሆንም የእሷ ነው። በሌላው እኔ እቀመጣለሁ። ዶክፓል ኦክፖ ሁሉ ይሥቅብናል ብሏል፤ ይሣቅ። ለጂንቴና ለአንቺ ሠርግ የለበስኩትን ሱፍ ላውንደሪ ሰጥቼዋለሁ፤ ሙሽራው ሌላ ቢሆን ሱፉ ያው ነው። ሙሽራ በሠርጓ ጠዋት አትበላም የሚሉሽን ደግሞ አትስሚያቸው። መጥበሻውን ይዤ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ያን ዕለት አንቺ አትነሺም፤ ተቀምጠሽ፣ ከነትኩሱ ትበያለሽ።

አባትሽ